የታችኛው መደርደሪያ

ዶክተሯን ጠዋት ሞታ ያገኘቻት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። መጀመሪያ ያንቀላፋች መስሏት ነበር። ዶክተሯ ሥራ ሲበዛባት ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ማሸለብ ልማዷ ስለነበር፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እንዳትቀሰቅሳት በእግር ጣቷ እየተራመደች ቆሻሻውን ደፋች፣ መስታወቱን ወለወለች፣ ወለሉንም እስከ ግማሽ ድረስ አጸዳች። መወልወያው የዶክተሯን እግር ገፋ ሲያደርገው "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። እግሩ በተገፋበት ቀረ።

"ሬሳ ነው እኮ ይቅርታ የጠየቅኩት" አለችው ለኢንስፔክተሩ። "ጉድ ነው። ሬሳ ነው ይቅርታ የጠየቅኩት።"

"በሩ ክፍት ነበር?"

"ተቆልፎ ነበር። በራሴ ቁልፍ ነው የገባሁት። እሳቸው ውስጥ እያሉ ተቆልፎ አያውቅም።"

የኢንስፔክተሩ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ኪሱ ባዶ ነው። ሲጋራ ካቆመ ሳምንታት ቢያልፉም እጁ ገና ወሬውን አልሰማም፤ ነገር ጠጠር ባለ ቁጥር ሄዶ ይፈትሻል፣ ባዶ ሲያገኘው ያኮርፋል። ኢንስፔክተሩ ማስቲካ አፉ ውስጥ ወረወረና ክፍሉን መዞር ጀመረ። ካቆመ ወዲህ አንድ ቦታ መቆም አልሆንልህ ብሎታል። ሚስቱ "ቤት ውስጥ ስትዞር ምንጣፉን ጨረስከው" ብላ ትስቅበታለች፤ ለሚስቱ ቀልድ ነው፣ ለእሱ ግን ሌሊቱም ቀኑም ቁንጥንጥ ነው።

ክፍሉ የዶክተሯ ቢሮ ነው። አንደኛው በር ወደ ኮሪደር፣ ሌላው ወደ አይጦቹ ክፍል ይወስዳል። ዶክተሯ ዕድሜዋን የፈጀችው ዕፅ አንጎልን ምን እንደሚያደርገው፣ የሰውንም ጠባይ እንዴት እንደሚለውጠው ስታጠና ነው፤ የምታጠናውም በአይጥ ነበር። አይጦቹ እንዳይረበሹ ሲባል ግድግዳው ሁሉ ድምፅ እንዳያሳልፍ ተደርጎ ተለብዷል። እዚህ ውስጥ የጮኸ ሰው ለራሱ ነው የሚጮኸው።

ደም የለም። መነጽሯ ግን ከጠረጴዛው ሥር አንዱ ዓይኑ ተሰንጥቆ ወድቋል። ስልኳና ቁልፎቿ የሉም። ረዳቱ ሳጅን፣ ከእሱ ይልቅ እርጋታ የተሰጣት ወጣት ሴት፣ ጥግ ላይ ካለው የብረት ቁም ሳጥን አጠገብ ቆማለች።

"ሞርፊን የሚቀመጥበት ነው" አለች። "አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ብዙ ብልቃጥ ጎድሏል።"

"ሌባ ነው ማለት ነው?"

"ሌባ መነጽር አይሰብርም፤ እሷን ደግሞ ምን አድርጎ ገደላት? ጭረት እንኳ የለባትም።"

ኢንስፔክተሩ ማስቲካውን አኘከ።

የዶክተሯ ምክትል ፀጉሩን እንደ ሙሽራ ያበጠረ፣ ጋዋኑ ላይ የእጥፋት መስመር እንኳ የሌለበት ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ኢንስፔክተሩን ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ትልቅ መስታወት ወሰደው፤ በመስታወቱ በኩል የአይጦቹ ክፍል ይታያል። ሁለት ረጃጅም መደርደሪያዎች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ተዘርግተዋል፤ በሁለቱም ላይ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሣጥን አንዳንድ ነጭ አይጥ አለ።

"ለምን አንገባም?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"እርስዎ ይችላሉ። እኔ ከዚህ መስታወት አላልፍም። አለርጂ አለብኝ፤ ፀጉራቸው ዓይኔን ያሳብጠዋል፣ ማስነጠሱ ደግሞ አይጣል ነው። ውስጥ የሚገቡት ዶክተሯና ቀጮ ብቻ ነበሩ።"

"ቀጮ ማነው?"

"አይጦቹን የሚያበላው ሠራተኛ። እሱ ጋ እንመጣለን" አለና ተነፈሰ። "መጀመሪያ ሥራውን ላስረዳዎት። ሁለቱንም መደርደሪያ ሞርፊን አስለመድናቸው። ከዚያ ሞርፊኑን ከሁለቱም አቋረጥን። ለላይኞቹ እኔ ያገኘሁትን መድኃኒት ሰጠናቸው፤ ለታችኞቹ ምንም። የላይኞቹ ረሱት። የታችኞቹ ዛሬም ይንቀዠቀዣሉ።"

"ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆናቸው?"

"ወራት።"

"ወራት?" አለ ኢንስፔክተሩ። ራሱን የታችኛው መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ አየው።

ምክትሉ ፈገግ አለ። "ሲጋራ ነው አይደል? እጅዎን አየሁት። መቼ ነው የሚያምርዎት?"

"የመኪና በር ስዘጋ።"

"አዩ? አንጎል የሚማረው ዕፁን ብቻ አይደለም። ከዕፁ ቀድሞ የሚመጣውንም ይማራል፤ ቦታውን፣ ሽታውን፣ ድምፁን። እርስዎ ሲጋራውን ቢተዉትም አንጎልዎ በሩን አልተወም።" ከኪሱ ክብ የቆርቆሮ ዕቃ አወጣ። ነቀነቀው፤ ቅጭል ቅጭል አለ። ከፍቶ ሚንት ከረሜላ ዘረጋለት። "ይሄ ይሻልዎታል፤ ማስቲካ መንጋጋ ያደክማል። እንዲያውም ዕቃውን ይያዙት። እኔ መሳቢያ ሙሉ አለኝ።"

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ተቀበለ። እውነትም ከረሜላው አፉን ቀዝቀዝ አደረገለት። ደግ ሰው ነው አለ በሆዱ።

"እሺ፣ ቀጮ?"

ምክትሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መናገሩ ይከብደኛል። ሱሰኛ ነበር። ዶክተሯ ናት ከወደቀበት አንስታ እዚህ ያስቀጠረችው። ከሰሞኑ ሞርፊን እየጎደለ ነው ብላ ስትጨነቅ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሲሮጥ ከግቢ መውጣቱን ጥበቃው አይቷል።"

ትንሽ ቆይቶ ሳጅኗ የቀጮን ሎከር አስከፍታ ተመለሰች። ከሥራ ጫማው ጀርባ የሞርፊን ብልቃጦች ተሰድረው ነበር።

አዛዡ በስልክ ጊዜ አላባከነም። "ሱሰኛ፣ የጠፋ ሞርፊን፣ የሞተች ሴት፣ ሮጦ የወጣ ሰው። ሌላ ምን ትፈልጋለህ? በጆሮህ እስኪዘፈንልህ ነው የምትጠብቀው?"

"አሟሟቷን እስካውቅ።"

"ያዘውና ከዚያ እወቅ። ነገ ጠዋት ማረሚያ ቤት እልከዋለሁ።"

የቀጮ እህት ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ማሽኗ በሩን ሊዘጋው ትንሽ ቀርቶታል። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ረዥም፣ እንደ ስሙ የመነመነ ሰው፣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ሲተክል አገኙት። ፖሊስ ሲያይ አልተነሳም። ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ መርፌውን ስፖንጁ ላይ ሰካ።

"ዛሬ ጠዋት ምን አስሮጠህ?"

"ብልቃጡ።"

"የቱ ብልቃጥ?"

"ልብሴን ልቀይር ሎከሬን ስከፍት ከጫማዬ ጀርባ ሞርፊን ተደርድሯል። ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም።" ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው። "ማንም አልነበረም። እጄ ሄደ። እኔ አላዘዝኩትም፣ እጄ ብቻውን ሲሄድ አየሁት። ያኔ ነው የሮጥኩት።"

"ከፖሊስ አይደለም የሸሸኸው?"

"ምን ፖሊስ? እኔ ከፖሊስ ምን አለኝ?"

ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ፊቱ ላይ ተከለ። "ለዶክተሯ ለምን አልነገርካቸውም?"

"ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ። ዛሬ እዚያ ብመለስ ራሴን አላምነውም። ይረዱኛል እሳቸው። ከእሳቸው በቀር ማን ይረዳኛል?"

"ዶክተሯ ሞተዋል።"

ቀጮ አልጮኸም። ከበርጩማው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ፣ ቁርጥራጭ ጨርቁ መሀል ቁጭ አለ። እህቱ ማሽኗን ትታ መጣችና ትከሻውን ያዘችው። ኢንስፔክተሩ ብዙ አስመሳይ አይቷል፤ ይሄ ግን ማስመሰል ከሆነ ጡረታ መውጣት አለብኝ ብሎ አሰበ።

ቆይቶ ቀጮ ከኪሱ የክኒን ዕቃ አወጣ፤ አልከፈተውም፣ በመዳፉ ጭብጥ አድርጎ ያዘው። "የምክትሉ መድኃኒት ነው" አለ። "በሰው ሲሞክሩት ከመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች አንዱ እኔ ነኝ። ከጀመርኩት ዓመት አለፈኝ። እሱ ነው ያቆመኝ።"

"አይጦቹን አንተም ትወጋ ነበር?"

"በፍጹም። መርፌ እንዳልነካ ዶክተሯ ቃል አስገብተውኛል። ማብላትና ማጽዳት ብቻ።"

ሳጅኗ ልትወስደው ስትነሳ እህትየዋ ኢንስፔክተሩን እስከ በር ተከተለችው። "ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ማረሚያ ቤት አይግባብኝ። እዚያ ዕፁ እንደ ልብ ነው፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዳኛ ነፃ እስኪለው ድረስ እሱ ያልቃል። ምን ዓይነት ልጅ ሆኖ እንደተመለሰልኝ አንተ አታውቅም።"

ኢንስፔክተሩ ምንም ቃል አልገባላትም። የመኪናውን በር ሲዘጋ አምሮቱ መጣበት፤ ከረሜላ መጠጠ፣ አላለፈለትም። ነገ ጠዋት የሚለው የአዛዡ ድምፅ ከጆሮው አልጠፋም።

የዶክተሯ ልጅ ፋርማሲ አለው። ሳጅኗ ይህን ስትሰማ ሞርፊኑ ትዝ ብሏት ጠረጠረችው፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ እናትና ልጅ በስልክ ሲጨቃጨቁ መስማቷን ነግራታለች።

"አዎ ተጨቃጭቀናል" አለ ልጁ፣ የደንበኞቹን ዓይን ሸሽቶ መደርደሪያ ጀርባ ወስዷቸው። "ሥራ ልቀቂ እላታለሁ። ልቧን ያማታል፣ ደረጃ መውጣት እንኳ ያደክማታል። እሷ ግን አይጦቼ ትላለች። ከእኔ ይልቅ አይጦቹን ታውቃለች እኮ።"

"ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?"

"እዚሁ። እስክንዘጋ አልወጣሁም።" አብራው የምትሠራው ልጅ ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ደንበኛም ሳይጠየቅ መሰከረ። ሳጅኗ ማስታወሻዋን አጠፈች።

"መጨረሻ ላይ ምን አለችህ?"

ልጁ ዓይኑን አሻሸ። "ማዳመጥ ነበረብኝ። 'የታችኛው መደርደሪያ አይጦች እኔን አይደለም የሚጠብቁት፤ ሌላ ሰው ይጠብቃሉ' አለችኝ። ሥራ በዝቶባት ትቀባዥራለች ብዬ 'እማዬ፣ አይጥ ሰው አይጠብቅም፣ ሂጂ ተኚ' ብዬ ዘጋሁባት። የዘጋሁባት እኔ ነኝ።"

ልጁ ይህንኑ እየደጋገመ ነበር ትተውት የወጡት። ኢንስፔክተሩ የዶክተሯን አባባል እንደ ማስቲካ ደጋግሞ አላመጠው፤ ጣዕም አላወጣለትም።

የአስከሬን መርማሪው መኪና ውስጥ እንዳሉ ደወለ። "ክንዷ ንጹሕ ነው" አለ። "ማጅራቷ ላይ ግን፣ ፀጉሯ ሥር፣ አንድ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ትከሻዋ በልዟል፤ ከኋላዋ ሆኖ የተጫናት ሰው ነበር። ከቆዳዋ ሥር የገባው ሞርፊን ፈረስ ይጥላል፤ በዚያ ላይ ልቧ ደካማ ነው።"

"ስንት ሰዓት ሞተች?"

"አመሻሽ ላይ። የተወጋችው ግን ቀደም ብሎ ይመስለኛል። ከቆዳ ሥር የገባ መድኃኒት ደም ሥር ውስጥ እንደገባው አይቸኩልም። መጀመሪያ ያደነዝዛል፣ ያስተኛል፣ ከዚያ ነው ትንፋሽ የሚያቆመው።"

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘጋ። እግሩ የመኪናውን ወለል ይመታል።

"ምክትሉ አመሻሽ ላይ ከውጭ ከመጡ እንግዶች ጋር ራት ላይ ነበር" አለች ሳጅኗ። "ሁሉም አይተውታል።"

"አሁን ያ ራት ውሃ አያነሳም። ሥራ መውጫ ላይ ወግቶ፣ ስልኳን ወስዶ፣ ቆልፎባት ከሄደ፣ ግድግዳው ድምፅ አያሳልፍም፤ እሱ እየበላ እሷ ብቻዋን ትሞታለች።" ዘወር አለ። "ሱሰኛ ቢሆን የት ነበር የሚወጋት?"

"ክንድ ላይ፤ የሚያውቀው እሱን ነው።"

"ማጅራት ላይ የሚወጋስ?"

ሳጅኗ ትንሽ አሰበች። "አይጥ የሚወጋ። ማጅራቱ ላይ ያለውን ላላ ያለ ቆዳ ይዘው ነው የሚወጉት፤ ግድግዳው ላይ ሥዕሉን አይቻለሁ። ግን እኮ የሚወጉት ዶክተሯ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ራሳቸውን ከኋላ አይጫኑም። ምክትሉ ክፍሉ ውስጥ አይገባም።"

"አይገባም ያለው ራሱ ነው" አለ ኢንስፔክተሩ። "ያንን ደግሞ በምን እንሰብረዋለን?"

ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሱ፤ በዶክተሯ ቢሮ በኩል አድርገው የአይጦቹ ክፍል ገቡ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ወደ ውጭ መስኮት የሌለው ክፍል ግን ቀንም ሌሊትም አያውቅም። አይጦቹ ከላይም ከታችም ተጠቅልለው ተኝተዋል።

"ይንቀዠቀዣሉ አላለም ነበር?" አለ ኢንስፔክተሩ። "የታችኞቹ እንደ ሕፃን ተኝተዋል።"

"እኛ ስንገባ ቀና እንኳ አላሉም" አለች ሳጅኗ። የተከፈተውን የብረት በር በእግሯ ገፋ አደረገችው።

በሩ ድም ብሎ ተዘጋ፣ ልክ እንደ መኪና በር። ኢንስፔክተሩን አምሮቱ ከእግሩ እስከ ራሱ ወረረው። እጁ ኪሱ ውስጥ ገባ፣ ሲጋራ ፈለገ፣ የቆርቆሮውን ዕቃ አገኘ። አውጥቶ እንደ ባለቤቱ ነቀነቀው።

ቅጭል ቅጭል።

የታችኛው መደርደሪያ ተነሳ። አንድ ሳይቀር። ሁሉም ወደ ሣጥናቸው ፊት ሮጡ፣ በኋላ እግራቸው ቆሙ፣ አፍንጫቸውን በሽቦው ቀዳዳ አሾለኩ፣ እየተንቀጠቀጡ ወደ በሩ አዩ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አንዱ ጆሮውን አንቀሳቀሰና መልሶ ተኛ።

ሳጅኗ አፏን በእጇ ያዘች። "ይድገሙት እስቲ።"

ደገመው። እንደገና የታችኞቹ ብቻ። የራሱን ቁልፎች አንቃጨለ፤ የተነሳ የለም። ሳጅኗ የምግቡን ከረጢት ከፈተች፤ የላይኞቹም የታችኞቹም እኩል ተነሱ። ቆርቆሮውን ነቀነቀ፤ የታችኞቹ ብቻ።

ኢንስፔክተሩ ሌላ ሰው ይጠብቃሉ የሚለውን የዶክተሯን ቃል አሁን ገና ሰማው። ያንን ከረሜላ ሲመጥጥ መዋሉ ትዝ አለው። በአፉ ውስጥ የቀረውን በመሐረብ ተፋው።

"ለእንስሳት ሐኪም ደውይ" አላት። "የታችኞቹን ደም ይመርምርልን። ዛሬውኑ። ከዚያ ምክትሉን ጥሪልኝ።"

ውጤቱ ማታውኑ ደረሰ፤ ምክትሉም አፉን በጭንብል ሸፍኖ መጣ። "ልነግርዎ እኮ ሞክሬ ነበር፣ ይሄ አለርጂ..."

"አውቃለሁ፣ ጥቂት ብቻ ይታገሱኝ።" ኢንስፔክተሩ ከጫፍ ጫፍ ይመላለስ ጀመር። ስለ እንግዶቹ ራት ጠየቀው፣ ስለ ክፍሉ ሙቀት ጠየቀው፣ ከዚያ ደግሞ ስለ ቀጮ። ምክትሉ ለሁሉም መልስ ነበረው። ሳጅኗ በሩ ላይ ቆማለች።

"ለአይጦቹ መርፌ ሰጥተው አያውቁም?"

"ከተማሪነቴ ወዲህ በጭራሽ።"

ኢንስፔክተሩ ዕቃውን ከኪሱ አወጣ። ምክትሉ አየው። እጁ ወደፊት ዘርጋ ሲል፣ ሊቀማ ይሁን ሊያስቆም፣ ኢንስፔክተሩ ነቀነቀው።

የታችኛው መደርደሪያ እንደገና ተነሳ። የጥፍር መቧጨር ብቻ ይሰማል።

"ለምግብ ነው" አለ ምክትሉ።

"ለምግብ ቢሆን የላይኞቹም ይነሱ ነበር። ሞክረነዋል። ደማቸውም ተመርምሯል። ሞርፊን ካቆሙ ወራት ሆኗቸዋል ባሉኝ አይጦች ደም ውስጥ የሰሞኑ ሞርፊን አለ። ማን ሰጣቸው? ከመስጠቱ በፊት ከረሜላውን ነቅንቆ አንድ አፉ ውስጥ የሚጥል ሰው ነው። እነሱ ተምረውታል።" ኢንስፔክተሩ ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ መቆም የቻለው አሁን ነው። "ደግሞ ከገባን ጀምሮ አንዴ እንኳ አላስነጠሱም።"

ምክትሉ ጭንብሉን ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ። አፍንጫውም ዓይኑም ደህና ነበሩ። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ያ ጋዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማደደ።

"እየረሱ ነበር" አለ። "የታችኞቹም። ያለ መድኃኒት፣ በጊዜ ብቻ፣ ከላይኞቹ እኩል እየረሱት ነበር። መድኃኒቱ ምንም አይሠራም ማለት ነው። ዕድሜዬን የሰጠሁት ነገር ምንም።"

"ስለዚህ እንዳይረሱ አደረጓቸው።"

"ማታ ማታ ሰው ሲወጣ እየገባሁ ወጋኋቸው። ትንሽ ጊዜ ብቻ ነበር የፈለግኩት። የሆነ ነገር አስተካክላለሁ ብዬ ነበር።" የተነሱትን አይጦች አያይም። "አንድ ቀን ቢሮዋ ቆመን ስናወራ ይሄ በር ክፍት ነበር። ሳላስበው ከረሜላ ልወስድ ነቀነቅኩት። የታችኞቹ ከጀርባዋ ተነሱ። ዞራ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ያን ቀን ምንም አላለችም። ትናንት ጠርታ 'ሰዎች ክኒኑን እየዋጡ ነው፣ ነገ አስቆመዋለሁ' አለችኝ። ለምኛታለሁ። ፊቷን መልሳ ሥራዋን ቀጠለች።"

"እርስዎም እንደ አይጥ ማጅራቷን ያዟት።"

ሳጅኗ ካቴናውን ስታስገባለት "ብልቃጡንስ የቀጮ ሎከር ውስጥ ለምን አስቀመጡት?" አለችው።

"የእሱን ጥፋት ማን ይጠራጠራል?" አለ ምክትሉ። "ሱሰኛ እኮ ነው።"

ኢንስፔክተሩ እጁን ሊያነሳበት ምንም አልቀረውም። ይልቁንም የቆርቆሮውን ዕቃ በፕላስቲክ ከረጢት አሸገው። የሌላውን ሁሉ ልማድ ሲያጠና የኖረ ሰው የራሱን ልማድ በእጁ አንስቶ ለፖሊስ ሰጠ፤ አንድ ሰው ራሱን ምን ያህል ሊረሳ እንደሚችል አሰበና ገረመው። የዶክተሯን ስልክና ቁልፎች ከምክትሉ ቤት መሳቢያ፣ ከከረሜላዎቹ ሥር አገኟቸው።

ቀጮ ሌሊቱን ያሳለፈው በጣቢያው ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ኢንስፔክተሩ የእስረኞች ክፍል አላስገባውም። ጠዋት ሲደርስ እህትየዋ ሹራብ አምጥታለት አጠገቡ ተቀምጣለች።

"ነፃ ነህ" አለው። ሁሉንም ነገረው፤ ስለ ታችኛው መደርደሪያ፣ ስለ ከረሜላው፣ ስለ ማጅራቱ። እህትየዋ አለቀሰች። ቀጮ ግን ፊቱ ቅጭም እንዳለ ቀረ። ነገሩን አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ መሆኑ ኢንስፔክተሩን አስፈራው፤ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ይሄን ባልነግረው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነው ያደረው።

ቀጮ የክኒኑን ዕቃ ከኪሱ አወጣ። "ታዲያ ይሄስ?"

"ክኒኑ ከንቱ ነው። ምንም አይሠራም።"

"ዓመት ሙሉ ውጬዋለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ እኔን ምንድን ነው ያቆመኝ?"

ኢንስፔክተሩ ጥሩ ነገር ሊናገር ፈለገ። ሚስቱ ብትሆን ትችልበት ነበር። "አላውቅም" አለ በመጨረሻ። "ክኒኑ ግን አይደለም።"

እህትየዋ የወንድሟን እጅ ያዘች። ቀጮ ዕቃውን አገላበጠው፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው፣ እንደገና አስቀመጠው።

"ፈራሁ" አለ። "እስከ ትናንት መደገፊያ ነበረኝ። ብልቃጡን ጥዬ የሮጥኩት እኮ ይሄ ይዞኝ መስሎኝ ነው።"

"ሮጠሃል ግን" አለ ኢንስፔክተሩ።

ኢንስፔክተሩ ሳይዞር፣ ሳይቁነጠነጥ አጠገቡ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀጮ ቀና አለ። "ዛሬ አይጦቹን ማን አበላቸው?"

"ማንም። ቦታው ታሽጓል።"

"የታችኞቹ ከዛሬ ጀምሮ መርፌ አያገኙም ማለት ነው። ክፉ ቀን ነው የሚመጣባቸው፤ አይበሉም፣ ራሳቸውን ይነክሳሉ። ሰው አጠገባቸው መኖር አለበት።" ሹራቡን አጠለቀ። የክኒኑ ዕቃ አግዳሚው ላይ ቀረ።

ኢንስፔክተሩ ራሱ ሊያደርሰው መኪናው ውስጥ አስገባው። በሩን ሲዘጋ እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ኪሱ ውስጥ ከረሜላም ማስቲካም የለም። መሪውን በሁለት እጁ ጭብጥ አድርጎ ያዘና ቁልፉን ሳያዞር ቆየ።

ቀጮ ከጎኑ ሆኖ አየው። "ያልፋል" አለው።

"መቼ?"

"ትንሽ ይቆያል፣ ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ይመለሳል።" የደህንነት ቀበቶውን አሰረ። "አሁን ይንዱ፣ አልበሉም።"